ፊደል ከመቁጠር እስከ ቼክሰም፦ የተበላሸ ዳታ እንዴት ይያዛል?

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። የትምህርት ቤታችሁ ውጤት ሁሉ ያለው አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ዲስኩ ላይ አንዲት ቢት ከ1 ወደ 0 ተገለበጠችና 80 የነበረው ውጤታችሁ 16 ሆነ። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም፤ ፋይሉም እንደ ወትሮው ይከፈታል። ታዲያ ስህተቱን ማን ያውቃል?

ይህ ጭንቀት ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። ከ7ኛው እስከ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስን ጠብቀው ያስተላለፉት ማሶሬቶች የሚባሉ ሊቃውንት ቃላትንና ፊደላትን ይቆጥሩ ነበር። የአዲሱ ቅጂ ቆጠራ ካልገጠመ አንድ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው።

ወደ ኮምፒውተር እንምጣ። በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ ሃሚንግ በአሜሪካው ቤል ላብስ ቅዳሜና እሁድ ማሽኑን ሥራ ሰጥቶት ይሄድ ነበር። ማሽኑ ስህተት ሲያገኝ ሥራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃሚንግ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ሰኞ ሲመጣ ምንም የተሠራ ነገር አጣ። ተናደደ፤ ከንዴቱም ጥያቄ ወጣ፦ ማሽኑ ስህተት መኖሩን ካወቀ፣ ቦታውን አግኝቶ ለምን አያርመውም? መልሱን በ1950 አሳተመ።

ስህተትን ለመለየት ቀላሉ ዘዴ መደመር ነው። 7፣ 4 እና 9 ሲደመሩ 20 ይሆናሉ። 4ቱ ወደ 6 ቢቀየር ድምሩ 22 ይሆንና ይያዛል። ግን 7 እና 4 ቦታ ቢለዋወጡስ? ድምሩ ያው 20 ነው! ስለዚህ ቅደም ተከተልንም የሚያይ ስሌት ያስፈልጋል። ዌስሊ ፒተርሰን እና ባልደረባው በ1961 ያሳተሙት በማካፈል ቀሪ ላይ የተመሠረተ ዘዴ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል።

ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ነፃ ዳታቤዝ በ2013 ይህን ሐሳብ በራሱ መንገድ ወሰደ። ፋይሉን 8192 ባይት ባላቸው ገጾች ይከፍላል፤ ገጹ ወደ ዲስክ ሲጻፍም ቼክሰም የሚባል መቆጣጠሪያ ቁጥር አብሮ ይጻፋል። ስሌቱ የገጹን ተራ ቁጥርም ስለሚጨምር ቦታውን የሳተ ገጽም ይጋለጣል። በ2018 ደግሞ መፈተሻ መሣሪያ መጣ፤ ከ2019 ጀምሮ ስሙ ፒጂ ቼክሰምስ ነው። ዳታቤዙን በሥርዓት ታጠፉና በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ስሙን ትጽፋላችሁ። መሣሪያው እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ ቁጥሩን እንደገና ያሰላል፤ ከተጻፈው ጋር ያነጻጽራል። መጨረሻ ላይ ስንት ገጽ እንዳየና ስንቱ እንዳልገጠመ ይነግራችኋል። ልታዩት የምትፈልጉት ቁጥር 0 ነው።

ግን ሁሉን ቻይ አይደለም። መምህሩ ራሱ ተሳስቶ 16 ቢያስገባ ቼክሰሙ ይገጥማል። ከሃሚንግ ዘዴ በተለየም ይህ መሣሪያ ብልሽቱን ይናገራል እንጂ አይጠግንም። ትክክለኛው 80 የሚመለሰው ከመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው። ብልሽቱ ሳይታወቅ ወራት ካለፉ ደግሞ አዳዲሶቹ ቅጂዎችም ያንኑ 16 ይይዛሉ፤ 80ን የያዘው አሮጌ ቅጂም ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ይሰረዛል። ስለዚህ ፍተሻው መደረግ ያለበት ጤነኛው ቅጂ በእጃችን እያለ ነው።