ፎቁም ግድቡም በቦንድ

ልደታ ላይ በፈረሱት የቀበሌ ቤቶች ቦታ ስለቆሙት ኮንዶሚኒየሞች ሲወራ ዕጣው ይነሣል፣ የተነሺዎቹ እንባም ይነሣል። የግንባታው ገንዘብ ከየት መጣ የሚል ግን ብዙ የለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር የአዲስ አበባ አስተዳደር በዋናነት ገንዘብ ያገኘው ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቦንድ እየሸጠ ነው። ባንኩ ብሩን አስቀድሞ ይሰጣል፤ አስተዳደሩ ዋናውን ከነወለዱ በቀኑ ሊመልስ ይፈርማል። በ20/80 ዕጣ የደረሰው ሰው ቅድሚያውን ከፍሎ ቀሪውን ከዚያው ባንክ ሲበደር የቦንዱ ዕዳ ይቃለላል። ባንኩ ያበደረው የቆጣቢዎችን ብር ስለሆነ፣ ግንባታው ሲጓተት ሥጋቱ እነሱም ዘንድ ይደርሳል።

አብዛኛው ሰው ቦንድን በእጁ የያዘው ግን በህዳሴ ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በ12 ወር እያስቆረጠ ገዛ። ወለዱ እስከ 5 ዓመት ለሚቆየው 5.5፣ ከዚያ ለሚበልጠው 6 በመቶ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ የዋጋ ንረቱ 40 በመቶ ደረሰ! ያን ጊዜ 17 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በብር የተበደረ መንግሥት ብር አያጣም፤ የሚከስረው ከዓመታት በኋላ የቀለለውን ብር የሚቀበለው ነው። ለአገሩ ብሎ የገዛ ሰው ይህን ቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር፤ አውቆም ይገዛ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የዶላሩ ቦንድ ሥጋት ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ ሸጠች፤ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ ዕድሜው 10 ዓመት። ዶላር እዚህ አይታተምም፤ ከቡናው፣ ከወርቁ፣ ከሐዋላው መገኘት አለበት። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ፤ በዓመቱ ዋናው የሚመለስበት ቀን ሲደርስም ድርድሩ አላለቀም። የውጭዎቹ ባለቦንዶች ኮሚቴ አቋቁመው ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ተከራከሩ። ደመወዙን አስቆርጦ የገዛው መምህር ግሽበት ለበላበት የሚከራከርለት አላገኘም።