የአደባባዩ ጭብጨባ

በአዲስ አበባ የሚገኘውን መስቀል አደባባይ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን መዘምራኑ በወረብ፣ ሕዝቡም በእልልታ ደመራውን ያከብራሉ፤ ችቦው ሲለኮስ የሕፃኑም የሽማግሌውም ፊት በደስታ ይበራል። ነገር ግን ይኸው ስፍራ የጨለማ ታሪክም አለው።

በደርግ ዘመን ስሙ ተለውጦ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት በዚህ አደባባይ ቆመው፣ ደም የመሰለ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ከመሬት ላይ ከሰከሱ፤ የአብዮቱ ጠላቶች ደም እንዲሁ እንደሚፈስም ዛቱ። በእንዲህ ያለ ሰልፍ ላይ አንዱ አምኖ፣ አንዱ ፈርቶ፣ ሌላውም ጎረቤቱ ስላጨበጨበ ብቻ ያጨበጭባል።

በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ምንም ይሁን ምን፣ ከዚያ በኋላ በየጎዳናው የፈሰሰው የሰው ደም ነበረ። ቀይ ሽብር በተባለው በዚያ ዘመቻ ብዙ ሺህ ሰዎች፣ ይልቁንም ወጣቶች፣ ተገደሉ። ሬሳቸው ጽሑፍ ተለጥፎበት በመንገድ ዳር ተጣለ፤ እናቶችም አልቅሰው እንዳይቀብሩ ተከለከሉ። እርግጥ ነው፣ ተቃዋሚዎቹም በከተማ ውስጥ ሰው ገድለዋል። ነገር ግን ሕዝብ ይጠብቅበት ዘንድ የተሰጠውን ጠመንጃ በሕዝብ ልጆች ላይ ያዞረ መንግሥት በደሉ ከሁሉ ይከፋል።

ደመራ የሚበራው ለምንድር ነው? ንግሥት እሌኒ፣ ሰዎች ጥራጊ እየደፉ የሰወሩትን መስቀል በጢስ ተመርታ አስቆፍራ ማውጣቷን ለማሰብ ነው። እንደዚሁም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የጅምላ መቃብሮች ተቆፍረው የሟቾች አጽም ወጣ። በ2002 ዓ.ም. ከዚሁ አደባባይ ጥግ ላይ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ለምስክርነት ተቀመጠ። እነሆ፣ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ስፍራ ተገናኙ፤ ሁለቱም የሚያስተምሩን የተቀበረ እውነት ተቀብሮ እንደማይቀር ነው።

አደባባይ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ ክፉ ወይም ደግ የሚያደርገው በላዩ የቆመው ሰው ነው። ጠርሙስ ሰባሪው አንድ ሰው ነበረ፤ አንድ ሰው ግን ያለ አጨብጫቢ ይህን ያህል ደም ለማፍሰስ ጉልበት አያገኝም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደ አደባባዩ በሄድህ ጊዜ ጥቂት ተራመድና ወደዚያ ቤት ግባ። ኋላም አንድ ባለ ሥልጣን በሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ ደም ሲፎክር ብትሰማ፣ እጅህን ለጭብጨባ ከማንሣትህ በፊት፣ የምታለቅሰው የማን እናት እንደ ሆነች ጠይቅ።