ቤት ለእንግዳ፦ የሐረሪ ቤት ወደ ሆቴልነት ሲለወጥ



 ዛሬ የምናገረው አንድ ታሪካዊ ቤት ወደ ሆቴልነት ሲለወጥ ስለሚያተርፈውና ስለሚያጣው ነገር ነው። ጉዳዩ የአርክቴክቶች ብቻ ሊመስል ይችላል። ለታሪክ ተማሪ ግን ቤት ሰነድ ነው፤ የሰነዱ ዕጣ ደግሞ ይመለከተዋል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ በየውይይቱ የሚደጋገም አንድ ሐሳብ አለ፦ «ከሚፈርሱ ሆቴል ቢሆኑ አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። በእርግጥ ይሻላል። መልሱ ግን በዚህ አያበቃም። ብራናው ከእሳት ቢተርፍም ቀድሞ የተጻፈበት ተፍቆ ሌላ ሊጻፍበት ይችላልና።

«ቡቲክ ሆቴል» የሚለው ስያሜ የቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በለንደን የተከፈተው ብሌክስ፣ በ1981 በሳን ፍራንሲስኮ የተከፈተው ቤድፎርድ፣ በ1984 በኒው ዮርክ የተከፈተው ሞርጋንስ ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ሆቴል ፋና ወጊዎች ተብለው ይጠቀሳሉ። ከዚያ በፊት ታላላቆቹ የሆቴል ኩባንያዎች ይሸጡ የነበረው ተመሳሳይነትን ነበር፤ እንግዳው በየትኛውም አገር ቢያድር አልጋውም መብራቱም አንድ ዓይነት እንዲሆንለት። አዲሶቹ ይህን ገለበጡት። እንግዳው የሚከፍለው ሌላ ቦታ ለማያገኘው ነገር ሆነ። ከዚህ በኋላ ዓይን ወደ ነባር ቤቶች መዞሩ አያስገርምም፤ አሮጌ ቤት ልዩነቱን ይዞ የተሠራ ነውና።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የጸደቀውና የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ዛሬም የሚመሩበት የቬኒስ ቻርተር በ5ኛው አንቀጹ ሁለት ነገር አጣምሮ ይናገራል። ቅርስ ለኅብረተሰብ በሚጠቅም አገልግሎት ላይ መዋሉ ጥበቃውን እንደሚያግዝ ይቀበላል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ የሕንፃውን የውስጥ አደረጃጀትና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። የአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ የጥገና ሥራ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይካሄድ ያዛል። እንግዲህ ሆቴል ማለት በአመዛኙ የውስጥ አደረጃጀት አይደለምን? የሚቆለፉ ክፍሎች፣ ለእያንዳንዱ ክፍል መታጠቢያ፣ የእንግዳ መቀበያ፣ የእሳት መውጫ፤ አንዱም በነባሩ ቤት አልነበረም።

በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ብንወስድ ይህ ጥያቄ ለዘብ ይላል፤ ሕንፃው ከመነሻው ለሆቴልነት የተሠራ ነውና። በ1900 ዓ.ም. ግድም ሥራ ሲጀምር፣ ለከተማዋም ለአገሪቱም አዲስ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ ከውጭ የሚመጣ ሰው የቤተ መንግሥቱ ወይም የአንድ መኳንንት እንግዳ ሆኖ ነበር የሚያርፈው። መስተንግዶ በዋጋ እንዲሆን ማድረግ በራሱ የታሪክ እጥፋት ነው፤ ሌላ ቀን ሰፋ አድርገን ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል። ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመን ግን ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የደረሰው የእሳት አደጋ ነው። አደጋው የሆቴሉን አንድ ክፍልና ጃዝ አምባ የተባለውን የሙዚቃ ቤት አጥፍቷል። የዘመኑ የእሳት መከላከያ ደንብ ደረጃው በግድግዳ ይከለል ይላል፤ የሕንፃው ክብር ግን በዚያው ክፍት የእንጨት ደረጃ ላይ ነው። ንድፍ አውጪው ከሁለቱ አንዱን ሳይጎዳ የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ነው።

ለሆቴልነት ሳይሆን ለመኖሪያነት የተሠራ ቤት ሲሆን ነገሩ ይጠጥራል። ስለዚህ ወደ ሐረር ጁገል እንሂድ።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተገነባ በሚነገረው ግንብ የተከበበችው ከተማ በ1998 ዓ.ም. ማብቂያ በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከመስጊዶቿና ከመቃብር ሥፍራዎቿ ባልተናነሰ ሚዛን የደፉት ቤቶቿ ናቸው። በጁገል ውስጥ ሦስት ዓይነት ቤት እናገኛለን። አንደኛው ሐረሪዎች ጌይ ጋር፣ «የከተማ ቤት»፣ የሚሉት ነባሩ ቤት ነው። ሁለተኛው በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋ በምኒልክ ሥር ስትውል የመጡት የህንድ ነጋዴዎች የሠሩት፣ ባለ ፎቅና በመንገድ ወይም በግቢ በኩል የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ነው። ሦስተኛው የሁለቱ ቅይጥ ነው። ብዙ ጎብኚ «የራምቦ ቤት» እያለ የሚያደንቀው ሕንፃ ከህንዶቹ ወገን የሚመደብ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከሞተ በኋላ እንደተሠራ ይታመናል። በቤት ታሪክ ላይ የቱሪዝም ብዕር ምን ያህል ደፋር እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ነባሩን የሐረሪ ቤት ከግቢው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት ግዲር ጋር የሚባለውን ዋናውን ክፍል ነው። ድንጋዩ በጭቃ ተያይዞ የተገነባ፣ ውስጡ በኖራ የነጣ፣ ጣሪያው በተደረደሩ አጠናዎች የተሸከመ ነው። ወለሉ በአንድ ደረጃ ያለ ሜዳ አይደለም። ነደባ የሚባሉ አምስት መቀመጫዎች ከፍና ዝቅ ብለው ተገንብተውበታል፤ በቀይ አፈር ይቀባሉ፣ ምንጣፍም ይነጠፍባቸዋል። አሚር ነደባ በሩን የሚያይ የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነው። ግዲር ነደባ ሰፊው ነው፤ ጢት ነደባ ትንሹ ነው፤ ሱትሪ ነደባ ስሙ እንደሚያመለክተው ከዓይን የተከለለው ነው፤ ገብቲ ኤሔር ነደባ ከበሩ ኋላ ያለው ነው። የገባ ሰው ማን የት እንደሚቀመጥ የሚነግረው አያስፈልገውም፤ ቤቱ ይነግረዋል። ዕድሜ፣ ዕውቀት፣ ዝምድና፣ እንግድነት በሸክላ ቀለም የተጻፈበት ወለል ነው ማለት ይቻላል። በግድግዳው ውስጥ የተሠሩት መደርደሪያዎች መጻሕፍትና ዕቃ ይይዛሉ፤ ከነሱ በላይና በታች የቤቱ እመቤትና የሴት ዘመዶቿ የሰፏቸው ስፌቶች ይሰቀላሉ፤ እነዚህ ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ የጋብቻና የውርስ መዝገብም ናቸው። በአንድ ወገን ሙሽራ የምትቆይባት ኪርታት የተባለች ጠባብ ክፍል፣ ዴራ የተባለ ጓዳ፣ ከላይ ደግሞ ቃላ የሚሉት ቆጥ አለ። ማብሰያውና ሌላው አገልግሎት በግቢው ውስጥ ተለይቶ ይቆማል።

አሁን አንድ ባለሀብት ይህን ቤት ቡቲክ ሆቴል ላድርገው ቢል ከአርክቴክቱ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ምንድን ነው? መታጠቢያ ያላቸው ክፍሎች። በእኔ ግምገማ የማንኛውም ታሪካዊ ቤት ሆቴልነት የሚፈተነው በጌጡ ሳይሆን በመታጠቢያው ነው። አምፖሉን፣ መጋረጃውን፣ ምንጣፉን ነገ መመለስ ይቻላል። የውኃ ቧንቧ ግን ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ ወለል ይቆፍራል፣ እርጥበት ያመጣል። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ እርጥበትን የሚችለው መልሶ ሲተነፍሰው ነው፤ የኖራ ልስን ይህን ይፈቅድለታል። በሲሚንቶ ሲለሰንና በፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ግን ውኃው መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ውስጥ ለውስጥ ይላላል፤ ከላይ የሚያምረው ግድግዳ ከዓመታት በኋላ ሆዱን ይነፋል። ባለቤቱ ያን ጊዜ «አሮጌ ቤት አይጠገንም» ይላል። ገዳዩ ግን ዕድሜ ሳይሆን ጥገናው ነበር።

ጣሪያውን በኮንክሪት መተካትም እንዲሁ ነው። ለእንጨትና ለአፈር ክብደት የተሠራ ግድግዳ ያልለመደውን ጭነት ይሸከማል፤ ፎቅ ሲታከልበት ደግሞ የጎረቤት ግቢ ይታያል። በጁገል የአንዱ ቤት ግድግዳ የሌላውም ግድግዳ እስከመሆን በሚደርስበት ሠፈር፣ የቤተሰብን ገበና መጠበቅ የንድፉ ዋና ሕግ ነበር። የሆቴል ሰገነት «ውብ ዕይታ» የሚለው ለጎረቤት መጋለጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የማይቆፈር ነገር አለ። ግዲር ጋርን በግድግዳ ከፍሎ ሁለት መኝታ ቤት ማድረግ ቀላል ነው፤ ነደባዎቹም አልጋ ለመሆን የተመቹ ናቸው። ይህ ሲሆን ድንጋዩ ሁሉ በቦታው እያለ ቤቱ ጠፍቷል። አምስቱ መቀመጫዎች ትርጉም የነበራቸው አንዱ ከሌላው ጋር ሲታይ ነውና። በዚህ ረገድ የቬኒስ ቻርተር አጻጻፍ ከሚመስለው የበለጠ ጠልቆ ያያል፤ አደረጃጀትን ከጌጥ አስቀድሞ መጥራቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

የውጭ ምሳሌ ካስፈለገ የሞሮኮዋ ማራኬሽ ቅርብ ናት፤ እሷም በግንብ የታጠረች፣ የግቢ ቤት ያላት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች አሮጌ ከተማ አላት። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ አውሮፓውያን ሪያድ የሚባሉትን ባለ አፀድ ቤቶች እየገዙ ወደ እንግዳ ማረፊያነት ለውጠዋቸዋል። ሊፈርስ የደረሰ ብዙ ቤት ድኗል፤ የልስንና የእንጨት ቅርፅ ባለሙያዎችም ሥራ አግኝተዋል። ይህን አለመቀበል ፍርደ ገምድልነት ነው። በአንጻሩ የቤት ዋጋ ንሮ፣ የነባሩ ነዋሪ ልጆች በተወለዱበት ሠፈር ቤት መግዛት ተስኗቸዋል።

ጁገል እስካሁን ሌላ መንገድ አሳይታለች። በበርካታ የሐረሪ ቤቶች ውስጥ ቤተሰቡ ሳይለቅ እንግዳ ያሳድራል። ግዲር ጋር የሁሉ መቀመጫ እንደሆነ ይቆያል፤ እንግዳው በጓዳው፣ በቆጡ ወይም በግቢው ክፍል ያድራል፤ መታጠቢያውና መጸዳጃው የጋራ ሆኖ ከዋናው ቤት ውጭ ይገኛል። የሆቴል ደረጃ መዳቢ ይህን ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል። እኔ ግን ከንድፍ አንጻር ካየኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ የላቀ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ነባሩም ቤት አገልግሎቱን በግቢ ለይቶ ነበርና አዲሱ ሥራ የቤቱን ሥርዓት ተከትሏል። እመቤቲቱ ስፌቱን የሰፋው ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ በተቀጣሪ አስተናጋጅ እጅ ግን ያው ስፌት የግድግዳ ማስጌጫ ብቻ ይሆናል። ተማሪዎች ለንድፍ ሥራችሁ የሐረሪ ቤት ስትመርጡ ከዚህ ብትነሡ እመክራለሁ፦ አዲሱን መታጠቢያ በግቢው ውስጥ፣ ከነባሩ ግድግዳ ፈቀቅ አድርጋችሁ፣ ነገ ቢነሣ ጠባሳ በማይተውበት መንገድ አቁሙት፤ ግዲር ጋርን አትንኩት።

የቤተሰብ ማረፊያም ቢሆን ከፈተና ነፃ አይደለም። የሐረርን ውኃ ለብዙ ዘመን ትሰጥ የነበረችው የሐረማያ ሐይቅ ደርቃ ከተማዋ ከድሬዳዋ በኩል ከሚሳብ ውኃ ጋር ተቆራኝታለች። አንድ የሆቴል እንግዳ በአንድ ጠዋት በገላ መታጠቢያ የሚያፈሰው ውኃ በዚህች ከተማ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ፍሳሹም አለ። ጠባቡ መተላለፊያ፣ የተጠጋጋው ግድግዳ፣ ተዳፋቱ መሬት ባለበት በጁገል አንዱ ቤት የቆፈረው ጉድጓድ የሚያረጥበው የጎረቤቱን መሠረት ነው። ስለዚህ የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚቀርበው ንድፍ የአንዱን ቤት ወለል ብቻ ሳይሆን ከበታቹ ያሉትን ቤቶችም ማሳየት ይኖርበታል። የዚህን ንድፍ አሣሣል በሰሌዳው ላይ አሳያችኋለሁ፤ ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።