«ሆርሞን» እና የግብጦ ሥር

ያለ ልክ የፋፋ ቲማቲም ወይም ቶሎ የደረሰ ዶሮ ስናይ «ሆርሞን ተወግቶ ነው» እንላለን። ቃሉ በአፋችን ከውጭ የሚጨመር መርዝ ሆኗል። ይህ ያሳዝነኛል፤ በጥሊሊ ዙሪያ፣ በአዊ ምድር የሚዘራው ግብጦ ማንም ሳይወጋው የራሱን ሆርሞን ያመርታልና። ቃሉን በ1905 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ነው፤ የወሰደውም «ማነሣሣት፣ መቀስቀስ» ከሚል የግሪክ ግሥ ነው። በአማርኛ «ዕድገንጥር»፣ ማለትም «የዕድገት ንጥር»፣ የሚል ትርጉም አለው፤ ለጆሮ ያምራል፣ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። እስቲ እንደ ግብጦ ያለ ጥራጥሬን ሥር እንይ። ሥሩ በአፈር ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በሚያመነጨው ቅመም ይጠራዋል፤ ባክቴሪያውም በራሱ ምልክት ይመልሳል። ያኔ ሳይቶኪኒን የተባለው ሆርሞን የሥሩ ሕዋሳት እንዲከፋፈሉ ያነሣሣል፣ ኦክሲንም ያግዘዋል፤ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያዘጋጀው ትንሽ እባጭ ይወጣል። እባጩ ግን የተክሉን ስኳር ይበላል፣ ያለ ገደብ ሊበዛ አይገባም። ስለዚህ በብዙዎቹ ጥራጥሬዎች ኤትሊን የተባለው ሌላ ሆርሞን «በቃ» ይላል። ታዲያ የሚገታውን እንዴት «የዕድገት» እንበለው? እኔ «መልእክተኛ ንጥር» ቢባል እመርጣለሁ፤ «ቀጥል»ም «ቁም»ም መልእክት ናቸው፣ ተማሪም ሳይደናገር ይረዳዋል። የአዊ የሳይንስ መምህራን፣ እባካችሁ ይህን ቃል ግብጦ ወይም ባቄላ አስነቅላችሁ አስተምሩት። እባጩን ሰንጥቁት፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራው ላይ ነው።