የሃይማኖቶች ጉርብትና በአራዳ ጊዮርጊስ፦ ታሪኩ፣ ሕጋዊ መሠረቱና ዜጎች ጉዳያቸውን የሚያቀርቡበት መንገድ

በአዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ በተለምዶ የበኒን መስጊድ የሚባለው ኑር መስጊድ፣ የአርመኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና የግሪኮች የቅዱስ ፍሬምናጦስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። ወደ ምዕራብ ወረድ ሲባል ደግሞ በመርካቶ ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በጉርብትና ቆመዋል። ይህ ጽሑፍ የአካባቢው የሃይማኖት ጉርብትና እንዴት እንደተፈጠረ፣ በየትኛው ሕግ እንደሚጠበቅና አለመግባባት ሲያጋጥም ዜጎች ወዴት ሊያመለክቱ እንደሚችሉ ያስረዳል።

የአካባቢው አመጣጥ

አራዳ ከአዲስ አበባ ቀዳሚ መንደሮች አንዱ ሲሆን፣ እድገቱ ከቤተ ክርስቲያኑና ከገበያው ጋር የተያያዘ ነው። ካቴድራሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ለተገኘው የአድዋ ድል መታሰቢያ እንዲሆን በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የታነጸ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የነበረው ታላቅ ገበያ ግን የአንድ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። የሐረርና የጉራጌ ነጋዴዎች፣ የየመን አረቦች፣ የሕንድ ሙስሊሞች፣ አርመኖችና ግሪኮች በአንድ ገበያ ይገበያዩ ነበር። ኑር መስጊድ የሚገኝበት የበኒን ሰፈር ስሙን ያገኘው ከኤደን መጥቶ በዚያ ይነግድ ከነበረ የአይሁድ ቤተሰብ ነው። ሙስሊሞች ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ቤት በአይሁዳዊ ነጋዴ ስም መጠራቱ፣ ያም በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም በሚታወቅ አካባቢ መሆኑ፣ የሰፈሩን ጠባይ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ያሳያል።

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ይህን አሰፋፈር ለመለወጥ ሞክሯል። ካቴድራሉ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ወቅት በእሳት ተቃጥሏል። የአራዳ ገበያም ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የሚባለው «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ሆነ፤ ፒያሳም ለነጮች እንዲሆን ታሰበ። ወራሪው ሕዝቡን በዘርና በሃይማኖት ከፋፍሎ ለመግዛት ማቀዱ የታወቀ ነው። ሆኖም ከነጻነት በኋላ ካቴድራሉ ታድሶ፣ አንዋር መስጊድም የመርካቶ ዋና የጸሎት ስፍራ ሆኖ ቀጥሏል። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድም የነጋዴውና የሸማቹ የዕለት መንገድ ሆኖ ቆየ።

የእኩልነት ጥያቄ

ጉርብትናው መልካም መሆኑ የሕግ እኩልነት ነበረ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓላት አልነበሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች አደባባይ ወጥተው የሃይማኖት እኩልነት እንዲከበር ጠየቁ። በሰልፉ ላይ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ጥያቄው «የሌላው ይቀነስ» የሚል ሳይሆን «ለእኛም እንደ ዜጋ ይታሰብልን» የሚል ስለ ነበር ክርስቲያን ጎረቤትን የሚያስከፋ አልሆነም። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ኢድ አል ፈጥር፣ ኢድ አል አድሐ (አረፋ) እና መውሊድ በመላ አገሪቱ የሚከበሩ በዓላት ሆኑ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ በ2012 ዓ.ም. ነው።

ሥራ ላይ ያለው ሕግ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ የማምለክና የማስተማር ነጻነት እንዳለው ይገልጻል፤ ማንንም በኃይል ወይም በማስገደድ እምነቱን ማስለወጥ አይቻልም። ይህ ነጻነት ሊገደብ የሚችለው የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብን የሞራል ሁኔታ፣ የሌሎችን መብትና መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆኑን ለመጠበቅ በሚወጣ ሕግ ብቻ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 የተፈቀደ የሃይማኖት ሥርዓትን በአደባባይ የሚያውክን ወይም የአምልኮ ቦታንና ንዋየ ቅዱሳትን የሚያረክስን ሰው ያስቀጣል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በሃይማኖት ላይ የተመሠረተ የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ቅጣቱ ከፍ ይላል። በማኅበራዊ መገናኛ የተላለፈ ቪዲዮ ወይም ጽሑፍም በዚሁ አዋጅ ይዳኛል።

የተለያየ እምነት ያላቸው ተጋቢዎች በተደጋጋሚ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ይቀበላል፤ የሃይማኖት ልዩነትንም የጋብቻ መሰናክል አያደርግም። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻም ቢሆን በ30 ቀናት ውስጥ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ጉዳይን ሊያይ የሚችለው ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ሲስማሙ ነው። ከሁለቱ አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ጉርብትና በተግባር

የጋራ ኑሮ «መቻቻል» በሚለው ቃል ብቻ ሲገለጽ ያንሳል። የሚቻለው የማይወደድ ነገር ነው፤ በአራዳ የነበረው ግን ከዚያ ይበልጣል። ዋነኛ ማሳያው ዕድር ነው። በጻድቅ ወይም በመልአክ ስም የተቋቋመ ማኅበር የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች ስብስብ ሲሆን፣ የሰፈር ዕድር ግን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአባልነት ይይዛል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ የጋራ ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው የማይበላ መሆኑ ይታወቃል፤ ሥጋ ቤቶችም መስቀል ወይም ጨረቃ የሚለጥፉት ለዚህ ነው። ዕድር ለዚህ የራሱን መላ አበጅቶለታል። ለቀስተኛ የሚቀርበው ምግብ ሽሮና ምስር ሲሆን የሁሉም ሰው ገበታ አንድ ይሆናል። ሥጋ ከቀረበ ደግሞ ለእያንዳንዱ ወገን በራሱ ሰው ታርዶ፣ በተለየ ድስት ይሠራል። በዓል ሲደርስም ጎረቤት ለጎረቤቱ በግ ወይም ዶሮ በሕይወቱ ያበረክታል፤ ተቀባዩ በራሱ ሥርዓት ያርዳል። እምነቱን ሳይነካ ማዕዱን የመካፈል ብልሃት ይኸው ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሌላም ልማድ ዳብሯል። ከኢድ ሶላት በፊት ክርስቲያን ወጣቶች መንገዱን ያጸዳሉ፤ ለጥምቀትም ሙስሊም ወጣቶች እንዲሁ ያደርጋሉ። በጥምቀት ታቦታት ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱና ሲመለሱ መንገድ በማስከበር የሚተባበሩም አሉ።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። የቤቱ ምትክ ሲሰጥ የጎረቤቱ ምትክ አብሮ አይሰጥም፤ ለዘመናት አብረው የኖሩ የዕድር አባላት ተለያይተዋል። በአዲሱ ሰፈር አዲስ ዕድር የሚያቋቁሙ ነዋሪዎች የአባልነት መመዘኛው መኖሪያ እንጂ ሃይማኖት አለመሆኑን፣ እንዲሁም የቀብርና የምግብ ሥርዓት እንደ አባሉ እምነት የሚፈጸም መሆኑን በመተዳደሪያ ደንባቸው ከመጀመሪያው ቢያሰፍሩ በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ይድናሉ።

ግጭት ከየት ይነሣል

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጥለዋል። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በጎንደር የአንድ ሙስሊም አባት ቀብር በሚፈጸምበት ሰዓት በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የአምልኮ ስፍራዎችም ተጎድተዋል። በጎንደር የጠቡ መነሻ በመካነ መቃብሩና በአጎራባቹ ቤተ ክርስቲያን ወሰን አካባቢ የተነሣ የድንጋይ ጉዳይ ነበር። በብዙ ቦታም ጠብ የሚጭሩት የሃይማኖት አስተምህሮ ልዩነቶች አይደሉም፤ የይዞታ ወሰን፣ የመቃብር ቦታ፣ የድምፅ ማጉያና የበዓል ሰልፍ መንገድ ናቸው። እነዚህ ደግሞ መፍትሔ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ያላቸው ጉዳዮች ናቸው።

ጉዳይን የት ማቅረብ ይቻላል

በሁለት የእምነት ተቋማት መካከል አለመግባባት ሲፈጠር የመጀመሪያው አማራጭ የየተቋማቱ አስተዳዳሪዎችና የሰፈር ሽማግሌዎች የሚያደርጉት ንግግር ነው። በዚህ ያልተፈታ ጉዳይ ለወረዳው የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም ለክፍለ ከተማው በጽሑፍ ይቀርባል። የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤም በሽምግልና ያግዛል። የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን ተቋማትን በአባልነት የያዘ ሲሆን፣ በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮችም ተመሳሳይ ጉባኤዎች አሉ። ሆኖም ጉባኤው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የይዞታ ማረጋገጫም አይሰጥም።

የአምልኮ ወይም የመቃብር ቦታ ጥያቄና የወሰን ክርክር የሚታየው በከተማው የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው። መፍትሔ እስኪሰጥ ድረስ አጥር መሥራት፣ ማፍረስ ወይም ቁሳቁስ ማንሳት ጉዳዩን ያወሳስባል። የድምፅ ቅሬታ የሚቀርበው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ በአገር አቀፉ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው የድምፅ መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የቤተ ክርስቲያንም ሆነ የመስጊድ ድምፅ ማጉያን በተመለከተ ግን ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር አስቀድሞ መነጋገር የተሻለ ውጤት ያስገኛል። የድምፅ ማጉያው አቅጣጫ በመቀየሩ ብቻ የሚፈታ ቅሬታ ብዙ ነው።

ዛቻ፣ ጥቃት ወይም የአምልኮ ስፍራ ማርከስ ሲፈጸም በቀጥታ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ወንጀል በሽምግልና ተሸፍኖ አይቀርም። በሃይማኖቱ ምክንያት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግሎት የተነፈገ ሰው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለት ይችላል።

የእምነት ተቋም ሆኖ መመዝገብ የሚፈልግ አካል የሚያመለክተው ለሰላም ሚኒስቴር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የሃይማኖት ተቋማትን፣ ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም። ነገር ግን የተለያየ እምነት ያላቸው ወጣቶች ለጽዳት፣ ለበጎ አድራጎት ወይም ለሰላም ትምህርት በማኅበር ሲደራጁ ምዝገባቸው በዚሁ አዋጅ መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይከናወናል።

ማመልከቻ የሚያቀርብ ሰው የሆነውን ነገር፣ ቦታውንና ቀኑን በግልጽ ጽፎ፣ ያለውን ሰነድ፣ ፎቶግራፍ ወይም የምስክሮች ስም አያይዞ በሁለት ቅጂ ያዘጋጃል። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት አስገብቶ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጎ ያስቀራል። ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ሲያልፍ አስቀድሞ የት እንደቀረበ የሚጠየቀው በዚሁ ቅጂ ነው።