የጉበት ታማሚ ኩላሊቱ ለምን ይደክማል? መቶ ዓመት የፈጀ ጥያቄ

«ጉበቱ ነው ተባልን፤ አሁን ደግሞ ኩላሊቱም ደክሟል አሉን። ሁለት በሽታ ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ሐኪሞችንም ከመቶ ዓመት በላይ ያደናገረ ጥያቄ ስለሆነ ታሪኩን ላጫውታችሁ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አሜሪካዊው ሐኪም ኦስቲን ፍሊንት በ1863 አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ጻፈ። ጉበታቸው ጠባሳ የሆነና ሆዳቸው ውሃ የቋጠረ ሕሙማን ሽንታቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ከሞቱ በኋላ ሲመረመሩ ግን ኩላሊታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የለም። በ1956 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሺላ ሸርሎክ ከባልደረባዋ ሄከር ጋር ተመሳሳይ ሕሙማንን አጥንታ በሽንታቸው ውስጥ ጨው (ሶዲየም) እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳየች። ይህ ኩላሊቱ ሥራውን እንዳልረሳ፣ ይልቁንም ጨውና ውሃ አጥብቆ እንደያዘ የሚናገር ምልክት ነው። (ሸርሎክ በኋላ በብሪታንያ የመጀመሪያዋ ሴት የሕክምና ፕሮፌሰር ሆናለች፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ቅር ይለኛል።)

ለእኔ አስገራሚው ግን የ1969ኙ ነው። ኮፐልና ባልደረቦቹ በዚህ ችግር የሞቱ ሰዎችን ኩላሊት ወስደው ጉበታቸው ጤነኛ ለሆነ የኩላሊት ሕሙማን ተከሉ። ሠራ! በ1970 ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት የራጅ ጥናት ደግሞ በሕይወት እያሉ ተጨብጠው የነበሩ የኩላሊት ደም ስሮች ከሞት በኋላ ተከፍተው ታዩ። በ1973 የስታርዝል ቡድን ጉበት ሲቀየር ኩላሊቱ እንደሚያገግም አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጉበት ሲጠብስ ወደ እሱ የሚገባው የደም ግፊት ይጨምራል፤ የአንጀት አካባቢ ደም ስሮች ይሰፋሉ፤ ደም እዚያ ይከማቻል። ሰውነት «ደም አነሰኝ» ብሎ የኩላሊትን ደም ስሮች ያጠባል። እግሩ አብጦ፣ ሆዱ ተወጥሮ ሳለ ኩላሊቱ እንደተጠማ ሰው ይሆናል። ዛሬ አልቡሚንን እንደ ቴርሊፕሬሲን ካሉ የሰፉትን ደም ስሮች ከሚያጠቡ መድኃኒቶች ጋር የምንሰጠው ለዚህ ነው። ዋናው መፍትሔ የጉበት ንቅለ ተከላ ቢሆንም ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው።

በእርግጥ ተቅማጥ፣ ማስታወክና ኢንፌክሽንም የጉበት ታማሚን ኩላሊት ያደክማሉ፤ እነዚህ ቶሎ ከተያዙ ይድናሉ። ስለዚህ የጉበት ሕመምተኛ ቤታችሁ ካለ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ፤ ላሲክስም በራሳችሁ አትጨምሩ። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ካተኮሰው፣ ሆዱን ካመመው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሳታሳድሩ ሆስፒታል ውሰዱት።