የሜዳ አበባና ዘመነ ጽጌ፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ የተጻፈ ሐተታ

ጌታ በተራራው ላይ ሲያስተምር፥ ስለ ምግብና ስለ ልብስ የሚጨነቀውን ሰው ዓይን ወደ ሜዳ አበባ መለሰው፤ የሰሎሞንንም ልብሰ መንግሥት ከአንዲት አበባ በታች አደረገው።

ሐተታ፤ ስለ ምን ወርቁንና ዕንቍን ትቶ አበባን ምሳሌ አደረገ ቢሉ፤ ወርቅን የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው፤ አበባን ግን ንጉሡም እረኛውም በመንገዱ ሳለ ያየዋል። አንድም፤ ሰው ያልዘራው ያልኰተኰተው ነውና የእግዚአብሔር ቸርነት ብቻ ይታይበታል።

ይህን ትምህርት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዓመቱ ሥርዓት ውስጥ አኖረችው። ክረምቱ ወጥቶ ምድር በአደይ አበባ ስታጌጥ፥ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብላ ሰየመችው። በየእሑዱም ሌሊት ካህናቱ አባ ጽጌ ድንግል የደረሰውን ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ። ድርሰቱ በአበባና በፍሬ እየመሰለ እመቤታችንንና ልጅዋን ያመሰግናል፤ ወደ ግብፅ የተሰደዱበትንም መከራ ያስባል። በማግሥቱ ኅዳር 6 ቀን የቍስቋም በዓል ነው።

የአበባው ማኅሌት ከስደት ነገር ጋራ መያያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ወራት እህሉ ገና ያልደረሰበት፥ የብዙ ድኻ ጎተራ የሚጎድልበት ነው። ገበሬው የሚያመሰግነው ነዶውን ሳይጨብጥ አበባውን አይቶ ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሆነው ክፉ ቀን ይህ ምስጋና ተፈተነ። የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ፈጀ፤ የሚጠመድ ጠፍቶ እርሻው ጠፍ ሆነ፤ ብዙ ሰውም በረኃብ አለቀ። በዚያ ወራት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ፤ ይህም ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ አርአያ ሆነ። አደይ ግን አራሽና ዘሪ የማይሻ ነውና፥ ጠፍ በሆነውም መሬት ላይ ይበቅላል። ይህን አይቶ ተስፋ የሚያደርግ ሰው አበባ እንዳይበላ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ያበቀለው አምላክ እንዳልተወው አውቆ ነው እንጂ።

ስለዚህ ጌታ አትጨነቁ ማለቱ አትሥሩ ማለቱ አይደለም፤ የንጉሡም ዶማ መያዝ ቃሉን አላፈረሰም። አንድም፤ የአበባውን ልብስ አይቶ ያመሰገነ ሰው የታረዘውን ያለብስ ዘንድ ይገባዋል። ጎተራው የሞላለት ሰው ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ አድሮ፥ ሲነጋ በደጁ የወደቀውን ርኁብ ቢያልፈው፥ አበባውን አየ እንጂ ፍሬውን አላገኘም።

አበባውን ላለበሰ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን፤ አሜን።